ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቼሎ፣ አንድ ኦርጋን፦ የሞዛርትን የቤተ ክርስቲያን ሶናታ ከዜሮ ጀምሮ ለመጫወት

"ኦርጋን" ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ኪቦርዱ ነው። በየሰርጉና በየመዘምራኑ ፊት የምናየው። እዚህ የማወራው ግን ስለ ቧንቧ ኦርጋን ነው፤ ነፋስ በመቶዎች አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠሩ ቧንቧዎች ውስጥ እየገባ ድምፅ ስለሚያወጣው፣ ከሕንፃው ጋር አብሮ ስለሚተከለው ትልቅ መሣሪያ። ኪቦርድ ብቻ ያላችሁም ግን አንብቡ፤ ለእናንተ የሚሆን ክፍል ወደ ታች አለ።

እኔ ቼሎ ነው የምጫወተው። የምኖረው ጀርመን፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከሁለት ቫዮሊን ተጫዋቾች ጋር ሆነን በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን እንጫወታለን፤ ኦርጋኑን የሚጫወቱልን አንዲት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ስንጀምር እንዲህ አድርጉ የሚለን ሰው አልነበረም። እርስ በርስ መጫወት ለምደን ስለነበር ኦርጋን ሲጨመር አንድ ሰው እንደተጨመረ ነው የቆጠርነው። እንደዛ አይደለም። ክራር መቺ ዘፋኙ ከፍ ያለው ድምፅ አልደርስ ካለው ክሩን ላላ አድርጎ ይቃኝለታል። ኦርጋን እንዲህ አይሆንላችሁም። ድምፁ ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ ሌሎቻችን ነን ወደ እሱ የምንሄደው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

መጀመሪያ፦ ሙዚቃው ምንድን ነው?

ሞዛርት ሳልዝቡርግ በነበረበት ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን 17 አጫጭር ሶናታዎች ጽፏል፤ ከ1772 እስከ 1780 ባሉት ዓመታት ገደማ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው)። የሚጫወቱት በቅዳሴ መሃል ነበር። መልእክቱ ተነቦ ሲያበቃ፣ ወንጌል ከመነበቡ በፊት ባለችው ክፍተት። ለዚህ ነው "የመልእክት ሶናታ" የሚባሉትም። ሊቀ ጳጳሱ ኮሎሬዶ ደግሞ ቅዳሴ ሲረዝም አይወዱም ነበር። ሞዛርት በሴፕቴምበር 1776 ጣሊያን ለነበሩት የሙዚቃ ሊቅ ለአባ ማርቲኒ በላከው ደብዳቤ፣ ትልቅ በዓል ላይ እንኳ ቅዳሴው ሶናታውን ጨምሮ ከ45 ደቂቃ መብለጥ እንደሌለበት ጽፏል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶናታ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቢሆን ነው። በ1783 ኮሎሬዶ ሶናታዎቹን በዝማሬ እንዲተኩ አዘዙ፣ ነገሩም በዚያው ቆመ።

ለእኛ ለአማተሮቹ ይህ አጭርነት ትልቅ ስጦታ ነው። አንድ ሙሉ ሥራ በአንድ ምሽት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሞ መሄድ ይቻላል። የሚያስፈልገው ሰውም ጥቂት ነው፦ ሁለት ቫዮሊን፣ የባስ መስመሩን የሚይዝ ቼሎ ወይም ደብል ቤዝ፣ ኦርጋን። ቫዮላ በአንዳቸውም ውስጥ የለም። ቫዮላ የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እኛ ሳናይ ጋብዘን አፍረናል።

አንድ፦ ሥራውን ምረጡ

የሞዛርት ሥራዎች የሚጠሩት በኬ ቁጥር ነው፤ በሥራዎቹ ዝርዝር ውስጥ ያላቸው መለያ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ኬ 69ን ወይም ኬ 144ን ያዙ። ሁለቱም ዲ ሜጀር ናቸው። ዲ ሜጀር ለቫዮሊን ምቹ ነው፣ ያልተያዙት ክሮች ራሳቸው ስለሚያግዙ ድምፁ ይከፈታል። ቀስ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ኬ 67 አለ፤ ግን ኢ ፍላት ሜጀር ነው፣ ለጣት ትንሽ ያስቸግራል፣ ደግሞም ቀስ ያለ ሙዚቃ ከኦርጋን ጋር ሲሆን የድምፅ መዛባት አይደበቅም። ለመጀመሪያ ቀን አልመክረውም።

ኬ 244 ላይ ኦርጋኑ የራሱ ዜማ አለው፤ ኬ 336 ደግሞ እንደ ትንሽ ኮንቼርቶ ነው፣ ኦርጋኑ ብቻውን የሚጫወትበት የካዴንዛ ቦታ ሳይቀር አለው። እነዚህን ለሁለተኛው ዓመት አስቀምጡ። ኬ 278 እና ኬ 329 መለከትና ከበሮ ስለሚጨምሩ ለአራት ሰው አይሆኑም።

እነዚህም ከከበዷችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ወደ ኮሬሊ። አርካንጄሎ ኮሬሊ በ1681 ያሳተማቸው 12 ሶናታዎች ልክ ለዚህ ዓይነት ቡድን የተጻፉ ናቸው፣ ለጣትም ይቀላሉ።

ኖታው ብዙ ወጪ የለውም። ሞዛርትም ኮሬሊም ከሞቱ ከ200 ዓመት በላይ ስለሆነ የድሮ እትሞቻቸው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ሳልዝቡርግ ያለው የሞዛርቴዩም ተቋም ሙሉ የሞዛርት እትሙን በነፃ ለማየት ክፍት አድርጎታል። ግን የየተጫዋቹን ኖታ ለየብቻ ያትሙ፤ ከሙሉው ኖታ ላይ መጫወት ገጽ ማገላበጥ ስለሚበዛበት ያታክታል።

ሁለት፦ ኦርጋኑን ብቻውን ጎብኙት

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት።

ከልምምዱ በፊት ቱነር ያለበት ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። ኦርጋኒስቱ መሃል ላይ ያለችውን ኤ በአንድ ባለ 8 ጫማ ስቶፕ (የቧንቧ ረድፍ፤ ወደ ታች አብራራዋለሁ) ብቻ ይያዝላችሁ። ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ የክፍሉን ሙቀትም ጻፉ። ሁለቱ ቁጥሮች አይነጣጠሉም፤ አንዱን ያለ ሌላው መጻፍ ጥቅም የለውም።

ምክንያቱ ይኸው። የቧንቧው ድምፅ የሚወሰነው በውስጡ ባለው አየር ነው። አየሩ ሲሞቅ ድምፁ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፤ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 3 ሴንት ያህል። (ሴንት ማለት አንድ ሰሚቶን መቶ ቦታ ሲከፈል አንዷ ክፍል ናት።) በ18 ዲግሪ 440 (በሴኮንድ 440 ንዝረት) የነበረ ኤ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በክረምት 9 ዲግሪ ሲሆን 433 አካባቢ ይወርዳል። የክር መሣሪያ ደግሞ ቤት ሞቆ ተቃኝቶ ይመጣል።

እኛ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ጥር ወር ነበር፣ ማሞቂያው አልበራም። አንደኛ ቫዮሊን የምትጫወተው ጓደኛችን ቤቷ በስልኳ 440 ላይ ቃኝታ መጣች። የመጀመሪያው ኮርድ ሲመታ ሁላችንም ቀስታችንን አነሳን። ኦርጋኑ ተበላሽቷል ብለን ነበር። እሷ ጆሮዋን ወደ ቫዮሊኑ ጠጋ አድርጋ የኤ ክሩን ቁልፍ ቀስ እያለች ስታላላው፣ በሁለቱ ድምፅ መሃል ያለው መንቀጥቀጥ በሴኮንድ ሰባት ስምንት ጊዜ ከነበረበት ወደ አራት፣ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ረጅም ማዕበል ሄደና ጠፋ። ሁለቱ ድምፅ አንድ ሆነ። ሌሎቹን ክሮችም እንዲሁ አወረደቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ቤቱ ቃኝቶ አይመጣም።

አንድ ነገር ጨምሩ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ለኮንሰርቱ የሚሞቅ ከሆነ ለመጨረሻው ልምምድም በዚያው ሙቀት ይሙቅ። ማሞቂያው ቀደም ብሎ ይከፈት። አየሩ ሞቆ ቧንቧዎቹ ገና ቀዝቃዛ ከሆኑ ቁጥሩ በየደቂቃው ይቀየራል። ሪድ የሚባሉት፣ መለከት የሚመስል ድምፅ የሚያወጡ ምላስ ያላቸው ቧንቧዎች ደግሞ እንደ ሌሎቹ ከሙቀት ጋር አይሄዱም፤ በክረምት ከወንድሞቻቸው ይለያያሉ። ለእነዚህ ሶናታዎች ስለማያስፈልጉ ዝም ብላችሁ ተዋቸው።

ሦስት፦ ቃኙ፣ ግን በአንድ ድምፅ ብቻ አይደለም

ቫዮሊን ተጫዋች ኤን ከተቀበለ በኋላ ሌሎቹን ክሮች በጆሮው በንጹሕ አምስተኛ (ከአንድ ድምፅ ተነስቶ እስከ አምስተኛው ባለው ርቀት) ነው የሚቃኘው። ለብቻ ሲሆን ትክክል ነው። ዛሬ አብዛኛው ኦርጋን የሚቃኘው ግን 12ቱ ሰሚቶኖች እኩል በሆኑበት መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ እያንዳንዷ አምስተኛ ከንጹሕዋ በ2 ሴንት ትጠባለች። ትንሽ ትመስላለች። ቼሎ ላይ ከኤ ወደ ዲ፣ ወደ ጂ፣ ወደ ሲ ስወርድ ሦስት ጊዜ ትደመርና የታችኛው ሲ ክሬ ከኦርጋኑ ሲ በ6 ሴንት ይወርዳል። በረጅም የባስ ድምፅ ላይ ይህ በደንብ ይሰማል።

ስለዚህ ኦርጋኒስቱ ኤን ብቻ ሳይሆን ኢን፣ ዲን፣ ጂን እና ሲን በየተራ ይስጣችሁ። እያንዳንዱን ክር ከራሱ ድምፅ ጋር አገናኙ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ኦርጋኑ በድሮ ዓይነት ቅኝት የተቃኘ ከሆነም ይኸው ዘዴ ይሠራል፤ እንዲያውም ያኔ ነው የሚጠቅመው።

አራት፦ ከባሱ በላይ ያሉት ቁጥሮች

ይህ የኦርጋኒስቱ ክፍል ነው፤ ሌሎቻችሁም ግን ብታውቁት ጥሩ ነው።

በአብዛኞቹ ሶናታዎች የኦርጋኑ ኖታ የባስ መስመርና ቁጥሮች ብቻ ነው። ግራ እጅ ባሱን ይጫወታል፤ ከቼሎው ጋር አንድ ነው። ቀኝ እጅ በቁጥሮቹ መሠረት ኮርዱን ይሞላል። ቁጥር ከሌለ ተራ ኮርድ ነው፣ ሦስተኛና አምስተኛ። ዲ ሜጀር ላይ ባሱ ኤፍ ሻርፕ ሆኖ 6 ከተጻፈ፣ ከኤፍ ሻርፕ ስድስተኛዋ ዲ ናት፤ ስለዚህ ኤ እና ዲ ይጨመራሉ። ባሱ ኤ ሆኖ 4 ከዚያ 3 ከተጻፈ፣ ዲ ትያዝና ወደ ሲ ሻርፕ ትወርዳለች። ያቺ መውረድ የሙዚቃው ትንፋሽ ናት፤ መጀመሪያዋን ጫን፣ ሁለተኛዋን ለቀቅ። "ታስቶ ሶሎ" ከተባለ ባሱ ብቻ፣ ኮርድ የለም።

ቁጥር ማንበብ የማይችል ኦርጋኒስት ኮርዶቹ ተዘርዝረው የተጻፉበትን እትም ይፈልግ። ምንም ነውር የለውም።

አሁን እኛን በጣም የረዳን ነገር። እኩል በተቃኘ ኦርጋን ላይ ሜጀር ሦስተኛ ከንጹሕዋ በ14 ሴንት ገደማ ትሰፋለች። ቫዮሊኑ ያቺኑ ሦስተኛ ይዞ ረጅም ድምፅ ላይ ሲቆም፣ ጆሮው ንጹሑን ይፈልጋል፣ ኦርጋኑ ደግሞ ሌላውን ይጮኻል። ሁለቱም ተጫዋቾች ጥፋት የለባቸውም፣ ግን ይጋጫሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቫዮሊኑ ሦስተኛዋን በያዘበት ቦታ ኦርጋኑ ይተዋት። ሥሩንና አምስተኛውን ብቻ ይያዝ። እነዚያን ቦታዎች በእርሳስ ክበቡ። የእኛ ኦርጋኒስት ኖታቸው ላይ ትንሽ ዜሮ ይጽፋሉ። የመጨረሻውን ኮርድ በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክረው ሁለተኛ ቫዮሊናችን ቀስቱን ሳያነሳ ቀና ብሎ አየን፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ የጠፋው ይመስል ነበር።

በተረፈ ቀኝ እጅ ጥቂት ነገር ይጫወት። ሁለት ድምፅ፣ ቢበዛ ሦስት። የአንደኛ ቫዮሊንን ዜማ አይድገም፣ ከእሱም በላይ አይውጣ።

አምስት፦ ስቶፕ መምረጥ

ስቶፕ ማለት የትኛው የቧንቧ ረድፍ እንደሚነፋ የሚመርጠው ጉተታ ነው። ባለ 8 ጫማው በኖታው ልክ ይሰማል፣ ባለ 4 ጫማው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፣ ባለ 16ቱ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ለእኛ ቡድን "ጌዳክት" የሚባለው ለስላሳ፣ አፉ የተዘጋ ባለ 8 ጫማ ብቻውን ይበቃል። ጠንከር ሲል ባለ 4 ጫማ ፍሉት ይጨመር። ብዙ ከፍተኛ ድምፆችን በአንዴ የሚያወጣው ሚክስቸር አይነካ። ድምፁን የሚያንቀጠቅጠው ትሬሙላንትም አይበራ። ኦርጋኒስቱ ከተቀመጠበት ቦታ ሁሉም ነገር ሌላ ሆኖ ይሰማል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ወርዶ ሕዝቡ በሚቀመጥበት ስድስተኛ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ሆኖ ያዳምጥ፣ የሚወስነውም እሱ ይሁን።

ስድስት፦ ልምምዱ

አራታችሁም በአንዴ አትጀምሩ። እኛ የምንሄድበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ኦርጋንና ቼሎ ብቻ፣ ሙሉውን ሥራ፣ ቀስ ብሎ። ሁለቱ አንድ መስመር ስለሚጫወቱ እነሱ ካልተስማሙ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ይንገዳገዳል። ከዚያ ሁለቱ ቫዮሊኖች ብቻቸውን። ከዚያ ሁሉም።

ኦርጋን ቁልፉን ጠንክረው ቢመቱትም ቀስ ብለው ቢነኩትም ድምፁ ያው ነው። ታዲያ እንዴት ነው ጠንካራውን ምት ከደካማው የሚለየው? በርዝመት። ከጠንካራው ምት በፊት ያለው ድምፅ አጠር ይላል፣ ትንሽ ዝምታ ትገባለች፣ ከዝምታዋ በኋላ የሚመጣው ጠንካራ ሆኖ ይሰማል። ይህን የሚያውቅ ኦርጋኒስት ስታገኙ መሣሪያው ይናገራል። ጣት ከጣት እያያያዘ ሁሉን የሚጎትት ከሆነ ግን ቫዮሊኖቹ የቱንም ያህል ቢለፉ ሁሉ ነገር ጭቃ ይሆናል። ቼሎም ይህንኑ ይከተል፤ ኦርጋኑ ሲያነሳ አብሮ ያንሳ። እኔ ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ቼሎ ድምፅ ማስረዘም የሚወድ መሣሪያ ነውና።

ቫዮሊኖች፦ ቪብራቶ (ጣትን ክሩ ላይ እያወዛወዙ ድምፁን ማንቀጥቀጥ) ቀንሱ፣ በተለይ ረጅም ድምፅ ላይ። የኦርጋኑ ድምፅ ቀጥ ያለ ነው፣ አጠገቡ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሁልጊዜ ያልተቃኘ ይመስላል። የሞዛርት አባት ሊኦፖልድ ራሱ ሳልዝቡርግ የሚያስተምር ቫዮሊኒስት ነበር፣ የቫዮሊን ማስተማሪያ መጽሐፉንም በ1756 አሳትሟል። ከዚያ ትምህርት ሁለት ነገር ያዙ፦ በየባሩ መጀመሪያ ቀስት ወደ ታች፤ ትሪል (ሁለት ጎረቤት ድምፆችን በፍጥነት ማፈራረቅ) ደግሞ ከላይኛው ድምፅ ይጀመር። ሁለቱ ቫዮሊኖች የቀስት አቅጣጫቸውን ካመሳሰሉ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ፍጥነቱን ክፍሉ ይወስን። አንዴ አጨብጭቡና ማስተጋባቱ እስኪጠፋ ቁጠሩ። ከሦስት ሴኮንድ በላይ ከቆየ ቤታችሁ የለመዳችሁት አሌግሮ እዚያ አይሆንም፤ ፈጣኖቹ ድምፆች ይደራረባሉ። ፍጥነት ቀንሱ፣ ድምፆቹንም አሳጥሩ።

ሰባት፦ የት ትቀመጣላችሁ?

ከኦርጋኑ አጠገብ። ኦርጋኑ ሰገነት ላይ ከሆነ ውጡ። በሳልዝቡርግ ካቴድራልም ሙዚቀኞች ከየምሰሶው ላይ ባሉት ሰገነቶች ላይ ከኦርጋኖቹ ጋር ነበር የሚቀመጡት።

ሕዝቡ እንዲያያችሁ ብላችሁ ፊት ለፊት መቆም ያጓጓል። ግን አስቡት፦ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። 20 ሜትር ርቃችሁ ከቆማችሁ የኦርጋኑ ድምፅ 60 ሚሊሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳችኋል። በፈጣን ሙዚቃ ይህ የአንድ አጭር ድምፅ ግማሽ ነው። እናንተ የሰማችሁትን ተከትላችሁ ትጫወታላችሁ፣ የእናንተ ደግሞ ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ እሱም ይዘገያል፣ ሥራው እየተጎተተ ይሄዳል።

ኦርጋኒስቱ ጀርባውን ሰጥቶ ከሆነ የሚቀመጠው መስታወት ይኑር፣ አንደኛ ቫዮሊን መስታወቱ ውስጥ ትታይ። የምትመራውም እሷ ናት፤ ከመጀመሯ በፊት በሚሰማ ትንፋሽ አንድ ምት ትሳብ፣ ኦርጋኒስቱም እጁን አንስቶ አብሯት ይተንፍስ። ኦርጋን ራሱ ትንፋሽ አያልቅበትም፣ ስለዚህ ተጫዋቹ ሆን ብሎ ካልተነፈሰለት መቼም አያርፍም።

ኪቦርድ ብቻ ላላችሁ

አዲስ አበባም ሆናችሁ ሌላ ቦታ፣ ቧንቧ ኦርጋን ካላገኛችሁ ይህ ሙዚቃ በኪቦርድም በደንብ ይሄዳል። እንዲያውም አንድ ጥቅም አለው፦ ኪቦርዱ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። የቅኝት ማስተካከያውን ፈልጉና 440 ወይም 442፣ የተመቻችሁን አድርጉት።

ከኦርጋን ድምፆቹ ውስጥ በጣም ለስላሳውን፣ ፍሉት የሚመስለውን ምረጡ። "ቸርች ኦርጋን" ተብሎ መጀመሪያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ስቶፕ የተከፈተበት ነው፣ ሁለት ቫዮሊንን ይውጣል። ሪቨርቡን (የኪቦርዱን ማስተጋባት) አጥፉ፣ ክፍሉ የራሱን ይስጥ። ሰስቴይን ፔዳሉን ንቀሉት። ቁልፉን ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ድምፁን የሚያሳድገውን ማስተካከያም አጥፉ፤ ኦርጋን እንዲህ አይደለም፣ ርዝመትን መጠቀም የምትማሩትም ያኔ ነው። ስፒከሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ። ከተጫዋቾቹ ኋላ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይሁን፤ አለበለዚያ ሕዝቡ ኪቦርዱን ይሰማል፣ ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ግን አይሰሙትም።

የመጨረሻው ኮርድ

በኮንሰርቱ ቀን ከመጀመራችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ሕዝቡ ሲገባ እንደገና ኤን ለኩ። ሰው ሲሞላ ክፍሉ ይሞቃል፣ ኦርጋኑ ይወጣል። በሁለት ሥራዎች መሃልም ሳታፍሩ ቃኙ።

መጨረሻው ግን ብቻውን ልምምድ ይፈልጋል፣ ብዙ ቡድን ሲዘነጋው አይቻለሁ። ቫዮሊን ድምፁን ቀስ እያለ ማጥፋት ይችላል። ኦርጋን ጣት ሲነሳ ድምፁ ወዲያው ይቆረጣል። ቫዮሊኖቹ ቀድመው ካሳሱ ኦርጋኑ ብቻውን ይቀራል፤ ኦርጋኑ ቀድሞ ካነሳ ክሮቹ ባዶ ቦታ ላይ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ አራታችሁም ኮርዱን በሙሉ ድምፅ ያዙ፣ አንደኛ ቫዮሊን ቀስቷን ስታነሳ ሁላችሁም አብራችሁ አንሱ። የቀረውን ድንጋዩ ይጨርሰዋል። ቀስታችሁን አየር ላይ እንዳለ አቆዩት፣ ኦርጋኒስቱም እጁን ከቁልፎቹ በላይ ያቆየው፤ ድምፁ ጣሪያው ላይ ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስ።